የጋሽ ህዝቅያስ ምክትል

ጋሽ ህዝቅያስ ለሐኪም ቀጠሮ ከኦክላንድ ሲሳፈሩ ባቡሩ ውስጥ የጎረቤታቸውን ልጅ ሩሓማን አገኟት። ሩሓማ የሕግ ተማሪ ናት። በሚመጣው ሐሙስ የልብ ቀዶ ሕክምና እንደሚያደርጉ ሰምታ ነበርና ከሰላምታ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«ጋሼ፣ ሰርጀሪ ሲገቡ መረዳጃ ማኅበሩን ማን ይይዛል? ሰው ቢሞት ማንን ኮል እናድርግ?»

ጋሽ ህዝቅያስ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የማኅበሩን ስልክ ዳበስ አደረጉት። ማኅበሩን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ያ ስልክ ጠርቶ ሳያነሡት ቀርተው አያውቁም። በዚህ ቢኮሩ ማን ይፈርድባቸዋል? ክፋቱ ኩራታቸው ለሌላ ሰው ቦታ አለመተዉ ነበር።

«ምክትል አልፈልግም፣ ልጄ። ምክትል ማለት ተከታይ ነው። እግር እግሬን የሚከተል ሰው ዓይኑ ወንበሬ ላይ ነው።»

«የአሜሪካ ሲቲዝን ሲሆኑ ኢንተርቪው ላይ ጠይቀውዎት የለ? ፕሬዚዳንቱ መሥራት ካልቻለ ማን ይተካዋል?»

«ምክትል ፕሬዚዳንቱ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «አንድም አልሳትኩ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መልሱን በቃልዎ ያዙት እንጂ አልሠሩበትም። ፕሬዚዳንቱ ለጊዜው መሥራት የማይችል ከሆነ ሥልጣኑን በጽሑፍ ለምክትሉ ያስተላልፋል፤ ሲሻለው በጽሑፍ መልሶ ይወስዳል። ሰመመን ሊወስዱ ሲሉ እንዲህ ያደረጉ አሉ። ወንበሩ አልተነጠቀም፤ ተጠበቀላቸው።»

«በደህናውስ ቀን? ተጎልቶ ሞታቸውን ይጠብቃል?»

«ሴኔቱን ይመራል፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ይለያል።»

«ማን ይሾመዋል?»

«ዕጩው ፕሬዚዳንት አብሮት የሚወዳደረውን ያቀርባል፤ ሕዝቡ ሁለቱን ባንድ ላይ ይመርጣል፤ የየስቴቱ ወኪል መራጮች ደግሞ ለየብቻ ድምፅ ይሰጧቸዋል። ቦታው መሀል ላይ ከተጓደለ ፕሬዚዳንቱ ሰው ያጫል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ካላጸደቁ ግን አይሆንም። እርስዎም ይጩ፤ አባላቱ ያጽድቁ።»

ጋሽ ህዝቅያስ ባቡሩ ቆሞ እስኪነሣ የማኅበሩን ስልክ በእጃቸው አገላበጡት።

«ከአባላቱ ወይዘሮ የወርቅውሃ ትሁን» አሉ በመጨረሻ። «ስሳሳት ፊት ለፊት ትነግረኛለች።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ወይዘሮ የወርቅውሃን አጸደቁላቸው። ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ሲሰጧት እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም። «ስድን ትመልሺልኛለሽ» አሏት።

ከሰመመን ነቅተው መናገር እንደቻሉ ልትጠይቃቸው የመጣችውን ሩሓማን ስልኳን ለመኗትና ወደ ማኅበሩ ደወሉ። ወዲያው ተነሣ።

«መረዳጃ ማኅበር፤ ምክትል ሰብሳቢዋ ነኝ።»

ወደብ ላይ ሹፌር የሆነው የአባላቸው የሚክያስ እናት ማረፋቸውን ነገረቻቸው። ወይዘሮ የወርቅውሃ ቄሱን ጠርታ፣ የቀብሩን ቦታ ይዛ፣ አባላቱን ለቅሶ ቤት ሰብስባለች። ሚክያስ ብቻውን አላለቀሰም። ጥሩ ምክትል ያለው ማኅበር መሪው ሲታመም አብሮ አይታመምም፤ አገርም እንደዚሁ ነው።

«ስልኩን ላምጣልዎት፣ ጋሼ?» አለች ወይዘሮ የወርቅውሃ።

«እስክድን አንቺው ጋ ይቆይ» አሉ። ያቋቋሙት ማኅበር ያለ እሳቸው መቆሙን ሲያዩ፣ እንደዚያን ቀን ኮርተው አያውቁም።