ላስቲክ የለበሰችው ሰንጢ

ብዙነሽ! ነይ ነይ፣ እዚህ ጥላው ጋ ተቀመጪ። ምነው ጠፋሽ አንቺ? እኔማ ሳልጠብቅሽ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አዝዣለሁ፤ አንዱ ለጥብስ፣ አንዱ ለሾርባ። ጥሬውን ተይው፣ ዘንድሮ ጥርሴ የዳጣውን ቃሪያ አልችል ብሎኛል። ሐይቁን አየሽው ደግሞ እንዴት እንደሞላ? ባለፈው ቁጭ ብለን እግራችንን የነከርንበት ድንጋይ እኮ የለም፣ ውኃ ውስጥ ገብቷል! ሐምሌ ነው፣ ምን ይደረግ።

እነዚያን አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎቹን እያቸው እስቲ ሲንጎራደዱ… ኮት ለብሶ ስብሰባ የሚሄድ ሰው አይመስሉም? አያጠምዱ፣ አይበልቱ። ሰው እስኪበልት ቆመው ይጠብቁና፣ ቀድመው የሚጎርሱት ግን እነሱ። ደረታቸውን መንፋታቸው ደግሞ!… ኧረ ስለ ወፎቹ ነው የማወራው፣ ምን ዞር ዞር ያደርግሻል? ከኋላችን ያሉት ልጆች ሾርባቸውን ይጠጡ። ስለ እነሱ ማን ምን አለ? ድምፄ እንደሆነ ወፍራም ነው፣ አንዴ ተፈጥሮብኛል። ሰው ሁሉ «ሂሩት ስትንሾካሾክ አላሙራ ተራራ ላይ ይሰማል» ይለኛል። እውነታቸውን ነው።

ታቢታን አየሻት? ያቺ ዳር ላይ የተቀመጠችው፣ ዓሣ የምትበልተው። ቢላዋን ተመልከቺልኝ። እጀታው ተሰብሮ በጨርቅ አስራዋለች፣ ስለቱ ተስሎ ተስሎ አልቋል፣ ግን እንዴት ነው የሚሄድላት! አንዴ ሆዱን፣ አንዴ ጀርባውን፣ አለቀ። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ፣ ስለ ቢላ ምን አውቃለሁ። ግን ሰሞኑን ተምሬያለሁ ብዙዬ። በደንብ ነው የተማርኩት…

አንድ ጎበዝ አለልሽ። ስሙን ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል። ቁመናው ያማረ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተጠረገ፣ ሽቶው ከሰውየው ቀድሞ የሚገባ። ወታደር ቤት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ! መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ሲያወጣ ሲያስገባ ከረመ አሉ። እሱም እኮ አገልግሎት ነው፣ እንዳትስቂ። ብርድ ልብስ ያላገኘ ወታደር ምን ይሆናል? ይበርደዋላ!

ይሄ ጎበዝ ታዲያ ቀበቶው ላይ አንዲት ሰንጢ ይሰካል። ወታደሮቹ የሚይዟት ዓይነት፣ ሁሉ ነገር ያላት። ስትዘጋ የመሀል ጣት ታክላለች አሉ፤ ስትከፈት ደግሞ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መጋዝ፣ መቀስ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ… የቀራት ማንኪያ ብቻ ነው። ሸሚዙን በዚያ በኩል ብቻ ይከተዋል፣ በሌላው በኩል ይለቀዋል። ሰንጢዋ ንፋስ እንድታገኝ ይሆናላ፣ ምስኪን!

ወሬዋን ደግሞ ብትሰሚ! በሷ የአጥር ሽቦ በጥሷል። በሷ ለሠላሳ ሰው ቆርቆሮ ከፍቷል። በሷ የጓደኛውን ቦት ጫማ ቀዶ እግሩን አትርፎለታል። ይሄን ሁሉ የሚያወራው ማን ቤት መሰለሽ? ወንድሜ በላይነህ ቤት። በላይነህን ታውቂው የለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው፣ አገሩን በካርታ ነው የሚያውቀው። ጎበዙ አንድ ተራራ ላይ ወጣሁ ባለ ቁጥር ወንድሜ መነጽሩን ያስተካክልና «ከፍታው ስንት ነው?» ይለዋል። ያኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «በጣም ከፍ ያለ ነው ጋሼ!»… በላይነህም ራሱን ይነቀንቃል። ልጁን ሊድርለት እኮ ነው፣ ምን ያድርግ።

አዎ፣ ሳምሪን። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ጡት እንዳጠባኋት የምቆጥራትን ሳምሪን። ሽማግሌ የሚላከው ለጥቅምት ነበር። ቀስ ተብሎ፣ ተጠያይቆ፣ እንደ ደንቡ። አሁን ግን ለእሁድ ሆኗል። የፊታችን እሁድ! ምን አስቸኮለው ትይኛለሽ?… እኔ ምን አውቄ። ፍቅር ይሆናላ።

ባለፈው እሁድ የሐምሌ ገብርኤል አልነበር? ከንግሥ ሲመለሱ ነው ሳምሪን ያ ነገር ያገኛት። ሰው እንደ ጎርፍ ነበር፣ አይተሻል። ከዚያ ሁሉ ግፊያ ወጥተው እንደ ምንም ባጃጅ አገኙ። እሷ ከኋላ በዳር፣ ጎበዙ ከአጠገቧ። ሹፌሩ ሮቢ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነው። ገና ሲነሳ በመስታወቱ አያትና «እህቴ፣ ነጠላሽን ሰብስቢው፣ ጎማ ይይዘዋል» አላት። ጎበዙ ምን ቢል ደስ ይልሻል? «አንተ መንገድህን እይ!» አለ። ኧረ ወንድነት! ሹፌርን እንዲህ ቆጣ ማለት ያለ ነው፣ ሴት አጠገብ ሲቀመጡ።

ወደ ሐይቅ ዳር የሚወስደውን መንገድ እንደያዙ ነፋሱ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ውጭ ወሰደው፤ ጎማው ተቀበለ። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ… አንገቷ ላይ ገመድ ሆነ ብዙዬ። ሮቢ ፍሬን ያዘ፣ ባጃጇ ቆመች፣ ግን የተጠቀለለው አልለቀቀም። ሳምሪ ከብረቱ ጋር ተጣብቃ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ድምፅ የላት፣ ትንፋሽ የላት፣ በእጇ የጎበዙን ጉልበት ትመታለች። ድረስልኝ ማለቷ ነው እንግዲህ።

እሱም ደረሰ! ምን አለፋሽ፣ እጁ መብረቅ ነው፣ ሰንጢዋን ከቀበቶው መዠረጠ። ሽቦ የበጠሰች፣ ሠላሳ ሰው ያበላች፣ እግር ያተረፈች ሰንጢ… ለአንዲት ነጠላ ምን ሊያቅታት! በቃ ልጅቷ ተረፈች በይ።

ላስቲክ ለብሳለች።

ምን ያስደነግጥሻል? እኛስ የቲቪ ሪሞት ላስቲክ አናለብስም? የኔ ሪሞት አምስት ዓመቱ ነው፣ ቁጥሩ አይታይም፣ ላስቲኩ ግን እንዳለ ነው። ሶፋዬስ? እንግዳ በተነሳ ቁጥር ቀሚሱን ይዞ አይቀርም? ዕቃ እንዳይቆሽሽ ነው፣ ንጽሕና ነው። ጎበዙም ሰንጢዋን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሻማ እሳት ጫፉን አጣብቆ፣ ከላይ ደግሞ ፕላስተር ዙሪያዋን አዙሮላት ነበር። ከእናቷ ቤት ስትወጣ እንደዚያ ያለ እንክብካቤ ያገኘች ሙሽራ የለችም። ያን ሁሉ ሽቦ በላስቲክ ውስጥ ሆና ነው የበጠሰችው ማለት ነው… ጉድ እኮ ነው፣ መሣሪያ እንዲህ ሠልጥኗል?

እና የፕላስተሩን ጫፍ መፈለግ ጀመረ። በጥፍሩ። የፕላስተር ጫፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በደህና ቀን እንኳ አይገኝም። ያገላብጣታል፣ ወደ ብርሃን ያነሳታል፣ በጥርሱ ይሞክራታል። ሳምሪ ጉልበቱን ስትመታው «ቆይ፣ ቆይ አንዴ» ይላታል። ምን ትቆይ? የት ልትሄድበት ነው?… ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ። በሚያስለቅሰውም እስቃለሁ እኔ፣ አመሌ ነው።

ሮቢስ? ከፊት ወርዶ ዞረ። ከሱሪው ውስጥ፣ ከወገቡ ላይ በሲባጎ ያሰራትን አንዲት ሰንጢ አወጣ። መልክ የላት፣ ወግ የላት፣ እጀታዋ የጎማ ቁራጭ ተጠቅልሎበት፣ ስለቷ እንደ ታቢታ ቢላ ተስሎ ያለቀ። የሳምሪ አንገት እንዳይነካ ሁለት ጣቱን በነጠላውና በአንገቷ መሀል አስገባና፣ ስለቱን በጣቶቹ ላይ ሳበው። ነጠላው ተቆረጠ። ጣቱም ተቆረጠ። እሷ አየር ሳበች።

ጎበዙ ደግሞ ያኔ የፕላስተሩን ጫፍ አገኘው። ጥረት ፍሬ አለው! ላስቲኩን ቀስ ብሎ ላጠው፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ልጅቷ መንገድ ዳር ተንበርክካ ታስላለች፣ እሱ ላስቲክ ያጥፋል። ቁጠባ ከዚህ በላይ አለ? እንዲህ ያለ ባል እኮ ቤት ያቆማል…

ይሄን ማን ነገረሽ ትይኛለሽ። እኔማ መጀመሪያ የሰማሁት ሌላ ነው። ማታውኑ ሐኪሙ ለሳምሪ «ጉሮሮሽ ተጎድቷል፣ እስከ ሰኞ ቃል እንዳይወጣሽ፣ አንገትሽንም አታንቀሳቅሺ» ብሎ ወደ ቤት መለሳት። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ እንጀራዋ በድምፅዋ ነው፣ ፈራች፤ እሺ ብላ ተኛች። በላይነህ «ማን ቆረጠው? ማን ደረሰላት?» ሲል፣ ጎበዙ ሰንጢዋን ራቁቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «ይቺ ናት ጋሼ» አለ። በቃ፣ ሌላ አልጨመረም። ትሑት ነው እኮ! ወንድሜ አለቀሰ። አገላብጦ ሳመው፣ ሰንጢዋንም ሳማት። ሳምሪ አልጋዋ ላይ ሆና ራሷን እንዲህ እንዲህ ታወዛውዛለች። አባቷ ምን ይላታል? «አትነቃነቂ ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?» ጎበዙም ከጎን «እውነታቸውን ነው፣ ዕረፊ» ይላታል። በዚያችው ቀን ነው ሽማግሌው ከጥቅምት ወደ እሁድ የመጣው። ሽማግሌ እሁድ፣ የሳምሪ ድምፅ ሰኞ። ቀጠሮ ሲያምር!

እኔም አምኜ ነበር። እልል ብያለሁ እኮ፣ ጎረቤት ይመስክር! ማክሰኞ በላይነህ ወጥቶ እኔ ሳምሪን ሳስታምም በሩ ተንኳኳ። ብከፍት አንድ ልጅ ቆሟል፣ ሁለት ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ በፌስታል የታጠበ ጨርቅ ይዟል። «ከጎማው ውስጥ ያወጣሁት የነጠላው ቁራጭ ነው እናቴ። ግራሶው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ግን ጥለቱ ደህና ነው። ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አለኝ። ጣትህን ምን ሆነህ ነው ብለው አፈረ። ስጎተጉተው ሁሉንም ነገረኝ። ሰንጢውንስ ከየት አመጣኸው ብለው «ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበርኩ፣ በሃምሳ አለቃነት ነው የወጣሁት። ያኔ ሽንኩርት ነበር የምልጥባት» አለኝ። ሽንኩርት! ዘጠኝ ዓመት አገልግሎ የሚያወራው ስለ ሽንኩርት ነው። ወሬ አያውቅም እኮ፣ ያሳዝናል።

ሳምሪ ጋ ገባሁ። «ሮቢ ነው የቆረጠው?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፣ አዎ ማለቷ ነው። «ያኛውስ ምን ያደርግ ነበር?» አልኳት። አሁን ስትሰሚ አትሳቂ… እጇን አነሳችና በጥፍሯ ቀስ ብላ አየሩን ላጠችልኝ። እንዲህ፣ እንዲህ… ከዚያ አራት ቦታ አጠፈችው። ከዚያ እንባዋ ወረደ።

ለበላይነህ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ልቡ ደካማ ነው፣ የሳመውን ሰንጢ ቢያስታውስ አፉን በበረኪና ነው የሚያጥበው። ነገር ማመላለስ ደግሞ አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሮቢን ለእሁድ ምሳ ጠራሁት። ውለታ አይከፈልም? የማስቀምጠው ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ነው፣ ከትልቁ ጋሽ አለሙ አጠገብ። ጋሽ አለሙ መቼም ጠያቂ ሰው ነው፣ «ጣትህን ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ማለቱ አይቀርም። ሮቢ ደግሞ ውሸት አልተማረም። ያኔ ጎበዙም ሰንጢዋን ያሳያቸዋል፣ ሁለቱ ይተያያሉ፣ እኛም ምሳችንን እንበላለን። ደስ አይልም?

እኔ ጎበዙን ብሆን ግን… አይ፣ እኔ ምን አገባኝ። ብሆን ነው ያልኩት። ብሆን ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ራሴ በላይነህ ፊት ቀርቤ «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም» እል ነበር። አንዴ ያሳፍራል፣ ከዚያ ያልፋል። እሁድ ግን ስድስት ሽማግሌ ይዞ ማፈር…

ዝም በይ። አትዙሪ ብዙዬ፣ እኔ አይልሻለሁ። ከኋላችን አንዱ ሾርባውን ትቶ ተነሳ። አላበው፣ ዳጣው በዝቶበት ይሆናል። ስልክ አወጣ… «ጋሽ አለሙ፣ የእሁዱን ተዉት» አለ። ሰማሽ? «የለም፣ ሌላ ቀን አይደለም፣ ይቅር ነው። ለአባቷም አሁን ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ።» ይኸው እንግዲህ! ስለ ምን እንደሆነ እኛ ምን እናውቃለን፣ የሰው ጉዳይ ነው።

ኧረ ልጄ! መሄድህ ነው? በደህና ግባ፣ ዝናቡ ሳይመጣብህ። ሾርባውን ምነው ተውከው? እሺ፣ ቆመህ ምርቃቴን ተቀበልና ሂድ፣ እናትህ ማለት ነኝ። በሄድክበት ሁሉ እግዚአብሔር ይከተልህ። ጤና ይስጥህ፣ ቤትህን ይሙላልህ፣ ትዳርም አይንሳህ። የምታገባት ልጅ ደግሞ የታደለች ትሁንልህ… ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ የማይነካት፣ አንድም ቀን አንተን መጥራት የማያስፈልጋት። የግድ ከጠራችህ ደግሞ፣ ያን ዕለት አጠገቧ ሌላ ሰው አያሳጣት።

አሜን በል እንጂ ልጄ።