የስድስት ሳምንት ሥልጣን

ሄሎ... አቤት ወንድሜ፣ ደህና ነህ? — እማዬ? ደህና ናት፣ ተኝታለች። — እንዴት አልተኛችም ትላለህ? ... አሃ። ጠዋት ደውላልሃለች። በማን ስልክ? ... ጎረቤቷ በመስኮት አቀብላት። እሺ።

ምን አለችህ? ... ንገረኝ፣ አልቆጣም። ... ግፈኛ? እኔ? — ቃሉ ያንተ ነው እንጂ የእሷ አይደለም፤ የታሪክ ተማሪዎችህን የምታደክምበት ነው።

ቆይ፣ ልናገር። እግሯ የተሰበረ ዕለት «አንቺ ነርስ ነሽ፣ ጄሶው እስኪወጣ ስድስት ሳምንት አንቺ ያልሽው ይሁን» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ባሌን ትቼ መጣሁ። ምግቡን፣ መድኃኒቱን፣ ጠያቂውን እኔ ነኝ የምወስነው... አዎ፣ ጠያቂውንም ከልክያለሁ። ሲያስለፈልፏት ነው የሚውሉት። — ምን? ልታስተምረኝ ነው?

እሺ... በጥንት ሮማ፣ ትላለህ... ዲክታተር በሕግ ይሾም ነበር። አደጋ ሲመጣ፣ ቢበዛ ለስድስት ወር። ... ሲያልፍ ሥልጣኑን መልሶ ወደ ቤቱ። ታዲያ እኔ ዲክታተር ነኛ። ግፈኛውስ? ... ማንም ሳይሾመው፣ ወይ ጊዜው አልፎ፣ ለራሱ ሲል የሚገዛ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አምባገነን ብዬ ነበር የማልፋቸው። ግን ለራሴ ምን አገኘሁ? ጨው የሌለውን ሾርባዋን አብሬያት ከመጠጣት በቀር።

... ጄሶው? ወጥቷል። ... ሦስት ሳምንት ሆነው። ... አዎ፣ ብቻዋን ትራመዳለች። ... ሥራ ስሄድ በሩን እቆልፍባታለሁ። አዎ፣ ከውጭ።

 

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳታወራ። የወደቀችው ከእኔ ጋር በስልክ እያወራች ነው። ድምፁን ሰምቻለሁ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው። ... አውቃለሁ። ለራሴ ነው ማለት ነው። አውቃለሁ አልኩህ እኮ።

ቆይ፣ አትዝጋ። — እማዬ፣ እስቲ ነይ... ቀስ ብለሽ... ተይው፣ እንደፈለግሽ ነይ። እንኪ፣ የበሩ ቁልፍ። ስልክሽ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይቅርታ፣ እናቴ።

... ወሰደችው። ምን አለችኝ መሰለህ? ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ዛሬውኑ ወደ ባልሽ ቤት ትሄጃለሽ አለችኝ። በቀን ስንቴ ልደውል ብላት፣ አንዴ። ... ሳቅ አንተ፣ ሳቅ።

ሻንጣዬን ራሷ እያወረደች ነው... እማዬ፣ ይከብድሻል፣ አት... እሺ። ምንም አላልኩም።

በል ቻው ወንድሜ፣ ልብሴን ልጠፍ።