የእትዬ ሙሉካ የጓሮ ኩሬ

ጣሊያን ኢሉባቦርን ከያዘ ወዲህ መቱ ላይ ደጅ የቆመን እንግዳ ቶሎ የሚያስገባ ቤት አልነበረም። እትዬ ሙሉካ ግን በዶፍ ዝናብ የተመታ ወጣት ከጣራቸው ጥግ ተጠልሎ ሲያዩ ልባቸው አልቻለም።

«ኮቱ፣ ገሊ! ግባ እንጂ ልጄ፣ ብርድ ይገድልሃል» አሉት።

ወጣቱ ዲሪቤ ይባላል። ጎሬ ከአንድ ሐኪም ዘንድ ሕክምና ሲማር ቆይቶ፣ ጦርነቱ ትምህርቱን ቢያቋርጠው ወደ አገሩ ወደ ኡካ መመለሱ ነበር። ገብቶ እንደ ተቀመጠ ከመደቡ ላይ በቡልኮ ተጠቅልላ የምትንቀጠቀጥ ሕፃን አየ።

«የልጅ ልጄ ሚስኪ ናት» አሉ እትዬ ሙሉካ። «የቆላ ነፋስ መታብኝ። ይለቃታል፣ ደግሞ ይመለስባታል።»

ዲሪቤ ግንባሯን ዳስሶ ከከረጢቱ ኪኒን አውጥቶ ሰጣት። ዝናቡ ሲያባራም ጓሮውን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። እንሰቱ ሥር አንድ ኩሬ ነበር። ውሃው አረንጓዴ ለብሷል፤ የበሰበሰ ቅጠል ሞልቶታል፤ ቦዩ ተደፍኗል፤ ቢንቢው እንደ ጢስ ይነሣል።

«እትዬ፣ ነፋሱን አይውቀሱት። የሚስኪ ንዳድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ኩሬ መጽዳት አለበት።»

የእትዬ ሙሉካ ፊት ተለወጠ። «እሱንስ አትንካብኝ! ባሌ አባስ በገዛ እጁ የቆፈረው ነው። ቡና ጭኖ ጋምቤላ እንደ ወረደ ጦርነት መንገዱን ዘጋበት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ሱቁን ጣሊያን ወሰደው። የቀረኝ ይህ ነው። ሲመጣ ትቶት እንደ ሄደ ያግኘው!»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ እውቀቱን ይዞ የሰው ኀዘን ላይ ይራመዳል። ዲሪቤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ አባስ ሲሄዱ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለ።

«ኧረ ወላሂ! እሱማ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ይገባ ነበር። ቅጠሉን ይለቅማል፤ ጭቃውን በቅርጫት ያወጣል፤ ቦዩን ይከፍታል። ‹ከእኔ ይልቅ ኩሬህን ትወዳለህ› ስለው እየሳቀ…» ብለው ፊታቸውን ወደ ኩሬው መለሱ።

«እንግዲያስ እትዬ፣ የእሳቸው እጅ ያለው በቁፋሮው ብቻ አይደለም፤ በጽዳቱም ነው። ትተውት የሄዱት የጠራ ውሃ ነው።»

ቀጥሎም በጣሳ ውሃ ቀድቶ አሳያቸው። ጥቃቅን ትሎች ይፍጨረጨሩ ነበር። «እነዚህ ክንፍ አውጥተው ቢንቢ ይሆናሉ፤ ቢንቢው ደግሞ የአንዱን ሰው ንዳድ ወደ ሌላው ያጋባል። ውሃው በየሳምንቱ ከተጸዳ፣ ዳሩ ከታረመና ወራጅ ከሆነ ግን ብዙዎቹ ክንፍ ሳያወጡ ይጠፋሉ።»

እትዬ ሙሉካ ጣሳውን አተኩረው ተመለከቱ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው እስከ ጉልበታቸው ኩሬው ውስጥ ገቡ። ዲሪቤ ቦዩን በዶማ ሲከፍት እሳቸው ጭቃውን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ጭቃው ሲሳሳ ከእግራቸው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙ፤ ቀጥሎም ሌላ። አባስ ከሶር ወንዝ አምጥቶ አንድ ባንድ የደረደረው ንጣፍ ነበር። ጎንበስ ብለው ዳሰሱት፣ እንባቸውም ውሃው ላይ ወረደ።

«ቀብሬው ነበር እኮ» አሉ።

ዲሪቤ የቀረውን ኪኒን ትቶላቸው በማግስቱ መንገዱን ቀጠለ። እትዬ ሙሉካ ግን ጁምዓን አላስታጎሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚስኪ ንዳድ ለቀቃት፤ ጉንጯም ሞላ። የሚዘቀው ጭቃ ለእንሰቱ ፍግ ሆነ። በጋው ሲጠና የጓሮው ጎመን ከኩሬው እየጠጣ ስለ ለመለመ ለጎረቤት እስከ መትረፍ ደረሰ።

አንድ ጁምዓ ጎረቤታቸው ዘውደነሽ በአጥር ብቅ ብላ፣ «እትዬ፣ ምን ያደክመዎታል? ነገ መልሶ ሊቆሽሽ!» አለቻቸው።

እትዬ ሙሉካ ቅርጫታቸውን እንደ ያዙ ቀና አሉ። «አዎን፣ ይቆሽሻል። ልጅሽስ ታጥቦ አይቆሽሽም? ታዲያ ማጠብ ተውሽ? ነዪ ይልቅ፣ በዚያ በኩል ያዥልኝ።»

ዘውደነሽም ስቃ ገባች።