የጎርደን ድምፅ የማን ነው?

በዚያ ክረምት ባሮ ሞላ። በወንዙ ዳር የተዘራውን በቆሎ እሸት ሳይሆን ወሰደው። የጎሬ መንገድ ተቆረጠ፤ ጨውና ሳሙና ጠፋ። ወባ ከየቤቱ ሰው አስተኛ። ውኃው ሲሸሽ እርጥበቱ ቀረ፤ ልብሱም መጽሐፉም ሻገተ።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች አራተኛ ዓመቷ ነበር። ጡረተኛው ድሬሰር አቶ ጥዑመልሳን አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጎረቤታቸውን ኛጋይን ማንጎ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ኛጋይ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ፣ የኑዌር ልጅ ናት። ባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አስጥታ የሻገተ ካሴት ክሩን በጥጥ ትጠርጋለች። አጠገቧ ሁለት ካሴት የሚይዝ የተዋሰችው ቴፕ አለ።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። አልኮል ይኖርዎታል? ሻጋታው አልለቅ አለኝ።»

«አለኝ። ለሌብነት ግን አልሰጥም።»

የኛጋይ እጅ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«ሙዚቃ ቤት ያለው አብኔር ትናንት ነግሮኛል። ባዶ ካሴት ልትገዢ ሄደሽ፣ የሱን ካሴት ልትገለብጪ እንደሆነ በአፍሽ ነግረሽዋል። ፖሊስ ሳይጠራ ይምከሯት አለኝ። ጀርባውን አንብቢው እንጂ! ‹ማባዛት በሕግ ያስቀጣል› ይላል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጠርሙስ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ሰው ሳክም ነው። የተጻፈ ይከበራል።»

«ጠርሙሱ ‹ለሕፃን አይሰጥም› ቢል አዋቂውን ይከለክሉታል?»

«ቀልድ አልወድም።»

«ቀልድም አይደል፣ ጋሼ። ለማን እንደተጻፈ ይጠየቅ ነው የምለው። ይህን ካሴት ከሱቁ ገዝቼዋለሁ። አንድ ቅጂ ለቤታችን አወጣና ይሄኛውን ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። አልሸጥ፣ አላከራይ። ሻጋታው እየበላው ነው፤ ሌላ ክረምት አይደግምም።»

«ሌላ ግዢያ።»

«‹እሱ አልቋል፣ የአዲስ አበባ ዘፈን ውሰጂ› አለኝ።»

«ታዲያ ለአንድ ዘፈን ይህ ሁሉ?» አሉ አቶ ጥዑመልሳን። ቤታቸው ሬዲዮ የሚከፈተው ለዜና ብቻ ነው።

ኛጋይ ባትሪዎቹን አስገብታ ካሴቱን ከፈተችው። የወንድ ድምፅ በኑዌርኛ መዝሙር ጀመረ። መሐል ላይ ሻከር ይላል፤ ትንፋሽ ይሰበስባል፤ ይቀጥላል። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጠበቅ አደረጉ። ይህን ትንፋሽ ያውቁታል። ሰውየው በሳንባ በሽታ ሲማቅቅ መርፌ ይወጉት የነበሩ እሳቸው ናቸው።

«ጎርደን ነው» አሉ።

«አባቴ ነው።»

ካሴቱን ከቴፑ አውጥተው አገላብጠው አዩት። «አብኔር ሙዚቃ ቤት» ይላል። የጎርደን ስም የለበትም።

«የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን የቀዱት አንድ ካሴት ብቻ ነበር» አለች ኛጋይ። «ከቀብሩ በኋላ አብኔር መጥቶ እናቴን ‹አውሺኝ፣ ገልብጬ እመልሳለሁ› አላት። አልመለሰም። እያባዛ ኢታንግ ሸጠው፤ ፑኝዶ ሸጠው። የአባቴን ድምፅ ከሱቅ ገዛሁት፣ ጋሼ! እሱን አንድ ቅጂ ባወጣ ደግሞ ሌባዋ እኔ ነኝ።»

የአቶ ጥዑመልሳን ፊት ጠቆረ። ነገር ግን ቸኩሎ መፍረድ ልማዳቸው አይደለም።

«ቆይ። እሱ በደለ ማለት አንቺም በድይ ማለት አይደለም። ገዢው ሁሉ ከገለበጠ ዘማሪው ምን ይበላል?»

«ደግ ጠየቁ። ሽሮፕ የያዘ ጠርሙስ ቢሰነጠቅብዎ መድኃኒቱን ወደ ደህናው ጠርሙስ ቢያዛውሩ፣ ሰረቁ ይባላል?»

«አይባልም።»

«ውኃ ጨምረው፣ አብዝተው ገበያ ቢያወጡትስ?»

«እሱማ ሌባ ነው።»

«የኔ ጠርሙስ ተሰንጥቋል፣ ጋሼ። ገበያ የወጣው አብኔር ነው። ደግሞ እኛ መዘምራኑ መክረናል፤ ከእንግዲህ ለሱ አንሰጥም። ራሳችን እንቀዳለን፤ የዘማሪውን ስም እንጽፋለን፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን በር እንሸጣለን። ጀርባው ላይ ‹ለቤትህ ቅዳ፣ ለገበያ አትቅዳ› ይላል።»

አቶ ጥዑመልሳን ካሴቱን መልሰው ሰጧት። የተጻፈን ማክበር ደግ ነው፤ ማን እንደጻፈው ሳይጠይቁ ማክበር ግን ለቀማኛ ዘበኛ መሆን ነው።

«ተነሺ» አሉ። «እናትሽንም ጥሪ።»

ሦስቱም ሲደርሱ የአብኔር ሱቅ በገዢ ተሞልቷል። አብኔር ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ መከሯት?»

«የተመከርኩትስ እኔ ነኝ። ከጎርደን ሚስት የተዋስከው ካሴት የታለ?»

«እንዴ ጋሼ! የለፋሁበት እኮ ነው። እኔ ባላባዛው ጎርደንን ማን ያውቀው ነበር?»

«ስሙን ሳትጽፍ ማን አወቀው?»

አንዱ ገዢ ሳቀ። አብኔር ሙዚቃውን ዘጋ።

«ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!» አሉ ሽማግሌው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ባሏ የሞተባት፣ አማርኛ የማይሞላላት ብለህ ነው የናቅኻት። ፖሊስ እጠራለሁ ብለህ አልነበር? ጥራ! ድምፁን የማውቅ እኔ እመሰክራለሁ።»

«ጋሼ፣ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት ነው የሸጥከው። ስማኝ፤ እንጀራህን ልዘጋ አልመጣሁም። ከመዘምራኑ በሐቅ ገዝተህ ሽጥ። ዘማሪው ስሙንና የድካሙን ዋጋ ያገኛል፤ የገዛ ሰው ካሴቱ ቢበላሽበት የቤት ቅጂው ያድነዋል፤ አንተም ያለ ስጋት ትነግዳለህ። እስካሁን የሸጥከውን ደግሞ በሽማግሌ ትነጋገሩበታላችሁ።»

አብኔር በሩን አየ፤ ሰዎቹን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሳቢያ ከፈተና አንድ አሮጌ ካሴት አወጣ። ለአቶ ጥዑመልሳን ዘረጋላቸው።

«ከኔ አልወሰድክም» አሉት።

ዞሮ በሁለት እጁ ለኛጋይ እናት ለኛኩዋኒ ሰጣት። ኛኩዋኒ ካሴቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። የባሏ የእጅ ጽሑፍ ነበረበት።

«ስንት ዓመት ‹ነገ፣ ነገ› አለኝ» አለች። «ነገ ዛሬ ሆነ።»

በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ወጣች።