ለእንግዳ የተሰጠው ብርቱ ካርድ

የተፈጸመውንም ገና በጅምር ያለውንም እኩል በሚያይ አምላክ ዕውቀት፣ እርሱ ለሰው በሰፈረው ዘመን፣ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በወርኃ ጥር፣ ሀሲባ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ በባሕር ማዶ፣ ሌክ ስትሪት በሚባል ጎዳና ላይ አውቶቡስ አመለጣትና ከብርዱ ልትሸሸግ ወደ አጎቷ ወደ አቶ ረሻድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ገባች።

አቶ ረሻድን ላብ አጥምቋቸው ነበር። እዚያው ተቀምጠው የሚጠብቁት ደንበኛቸው ወይዘሮ ፀዳለ ማታ ወደ አገር ቤት ይበራሉ፤ አልጋ ላይ የዋሉት እናታቸው የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ሳያዩ እንዳያልፉባቸው ፈርተዋል። ፊልሙ ግን አላለቀም፤ ኮምፒውተሩ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል።

ማሽኑ ሊነክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ፣ ሁለት ሞኒተር ያለው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሞኒተር ምስሉን የሚያዘጋጅለት የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው። አቶ ረሻድ ብርቱውን ካርድ ከሰፊው ሞኒተር ጋር ወደ ደንበኛ አዙረው የሠርግ ፎቶግራፍ ያሳዩበታል፤ እሳቸው በአሮጌው ካርድ ፊልም ይቆርጣሉ።

«አጎቴ፣ ኤዲቲንጉን ለደካማው ሰጥተው ጎበዙን የፎቶ ዘበኛ አደረጉት?» አለች ሀሲባ።

«እንግዳ የቤቱን ምርጥ ያገኛል። አባቴ ያሳደገን እንዲህ ነው።»

ሀሲባ ገመዶቹን ላለዋውጥ ብትል፣ የሰፊው ሞኒተር መሰኪያ በአሮጌው ካርድ አይገባም። የቀረው፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ በየትኛው ካርድ እንዲሠራ በትእዛዝ መንገር ነው። ያን ጊዜ ግን ፊልሙ የሚቆረጠው በወይዘሮ ፀዳለ ዓይን ፊት ይሆናል፤ በዚያ ከተከፈተ ወደ ወዲህኛው ሞኒተር አይሻገርምና።

ሀሲባ ይህን ስትነግራቸው አቶ ረሻድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዳን ጓዳ አስገብቼ ያልበሰለ ወጥ ላስቀምስ? ስሜ ምን ይባላል?»

«እሳቸው ሞኒተር ሊያዩ አልመጡም። እያከበሯቸው ባዶ እጃቸውን ሊሸኟቸው ነው።»

ነገሩ ወጋቸው። እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ የተከበረው ሰው የመጣበትን ሳያገኝ ቢሄድ ግን የተከበረው ወንበሩ ብቻ ነው። ወይዘሮ ፀዳለ ሰዓታቸውን አይተው ቦርሳቸውን አነሡ፤ ወደ ኤርፖርት የሚያደርሳቸው መኪና ውጭ ቆሟል።

«በይ አድርጊው» አሉ አቶ ረሻድ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ሀሲባ ፕሮግራሙን ዘግታ ትእዛዙን ጻፈች። በብርቱው ካርድ ሲነሣ ፊልሙ ሳይደነቃቀፍ ሄደ፤ አቶ ረሻድም የቀረውን መቁረጥ ያዙ። ወይዘሮ ፀዳለም ተመልሰው ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና፣ «አቶ ረሻድ፣ ያችን ለምን ያወጧታል?» አሉ። ሙሽራዪቱ አያቷ የላኩላትን ነጠላ ስትስም የምታሳይ ቁራጭ ነበረች።

«ጨልማብኝ ነው።»

«እናቴ የሚጠብቁት እኮ እሷን ነው።»

ቁራጯ ተመለሰች፤ ዲስኩም ሳይረፍድ ተቀረጸ። አቶ ረሻድ ወይዘሮ ፀዳለን እስከ መኪናው ሸኝተው ሲመለሱ፣ «ባያዩት ኖሮ ዋናውን ጥዬባቸው ነበር» ብለው ለሀሲባ አመኑላት።

ከዚያ ወዲህ ከባዱ ሥራ በብርቱው ካርድ፣ ፎቶግራፉ በአሮጌው ሆነ። አዲስ ማሽን መግዛት አላስፈለገም፤ ደንበኛም እያየ ያርማል፣ ስሕተቱም ከቤት ሳይወጣ ይቃናል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ላለው ለእያንዳንዱ እንደ ጉልበቱ ሥራ የምትሰጥበትን ማስተዋል፣ የምትወዳቸውንም በሕይወት ሳሉ ደስ የምታሰኝበትን ጊዜ እግዚአብሔር ያድልህ። አሜን።