በአሜን የተዘጋ አቤቱታ

ሽማግሌው ወደ ሆስፒታሉ የሄዱት ለማስታረቅ ነበር፤ እግረ መንገዳቸውን ሙግት ይገጥመኛል ብለው አላሰቡም። የአጥንት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ግን የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ ነርሷ፣ የፋሻ ትሪ ይዛ ፊት ለፊት መጣች።

«አጎቴ! ደህና ነዎት? ማንን ሊጠይቁ ነው?»

«ግንበኛውን ነው ልጄ። ግድግዳ የተናደበትን።»

ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። እሳቸውንም አላመለጣቸውም፤ ዕድሜ ልኩን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ፊት ማንበብ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ከሚያገለግሉበት ጸሎት ቤት ጀርባ የሕፃናት ትምህርት ቤት ይሠራል። ተቋራጩ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ በገዛ ገንዘቡ ያለበሰ፣ ሲያልፍ ሰው ብድግ የሚልለት ጌታ ነው። አምና ግንበኛው ወደ ሽማግሌው መጥቶ፣ «አባቴ፣ አሸዋው በዝቶ ሲሚንቶው አንሷል፤ ይሄ ግድግዳ ሰው ይበላል» አላቸው። በዚያ ጸሎት ቤት ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፤ የአማኞች አቤቱታ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ጸሎት ይደረግበታል፣ አንዴ «አሜን» ከተባለ ዳግመኛ ያነሣው እንደ ከሃዲ ይቆጠራል። ሽማግሌው ሁለቱንም አስጠሩ፤ አሸዋውን ግን ሄደው አላዩም። በመጨረሻ ግንበኛው የደግ ሰው ስም አጥፍተሃል ተባለና የተቋራጩን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። አሜን ተባለ። ያ ግድግዳ ነው እንግዲህ ሰሞኑን ተንዶ የግንበኛውን ታናሽ ወንድም የገደለው፣ የራሱንም እግር ያስቆረጠው።

«አሁን ምን ሊሉት ነው?» አለች ነርሷ።

«ይቅር በል እለዋለኋ! ተቋራጩ ሊክስ ፈቅዷል። ክስ ምን ያደርጋል? እርቅ ደም ያደርቃል። ገመናችንን አደባባይ አውጥተን የማያምን ሁሉ ይሣቅብን? ዘመኑ እንደሆነ ከፍቷል፤ ሃይማኖተኛ ሲሰናከል ለማየት ያሰፈሰፈው ብዙ ነው።»

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ቅዳሜ በሬዲዮ ሰማሁዎት። የዘመኑን ክፋት እዘረዝራለሁ ብለው ስለ ልጃገረዶች ቀሚስ ማጠር ተናገሩ፣ ተናገሩና ሰዓቱ አለቀ። ስለ አሸዋው ትንፍሽ አላሉም። ሰው የገደለው ቀሚስ ነው?»

«አንቺ ልጅ! ያ ሁሉ ትምህርት አፍሽን ነው እንዴ የከፈተው?»

«ሃይማኖቴንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ንስሐ ከመናዘዝ ይጀምራል ብለውኛል። ተቋራጩ ምን ተናዘዘ?»

«ይቅርታ ትእዛዝ ነው።»

«ነው እንጂ! ግን ሁልጊዜ የሚታዘዘው የተበደለው ነው፤ በዳዩንማ ማን ደፍሮ ያዘዋል? እስቲ እኔ መግል የቋጠረ ቁስል በንጹሕ ፋሻ ጠቅልዬ ድኗል ብል ምን ይሉኛል?»

«ነፍሰ ገዳይ ነሻ!» አሉ ሽማግሌው ሳያስቡት።

ወይ የአንደበት ነገር! በሌላው ላይ ሲፈርዱ ኖረው በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ነርሷም በሩን ከፈተችላቸው።

ግንበኛው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«አባቴ፣ ለእርቅ ነው የመጡት? ያን ጊዜ አሜን በል አሉኝ፣ አልኩ። ዛሬም በል ካሉኝ እላለሁ፤ ለእኔ አሜን ማለት አይከብደኝም። ወንድሜ ግን ፈርቶ ሥራውን ትቶ ነበር። ‹ሽማግሌው መርምረውታል፣ ግድ የለም ና› ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

«አልመረመርኩም» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ሄጄ እንኳ አላየሁትም።»

ዕለቱን መርማሪ ፖሊስ ዘንድ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ። በጸሎት ቀንም በምእመኑ ሁሉ ፊት ቆመው፣ «ይህ ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ባለጸጋውን አፍሬ ድሃውን አሳፈርኩ» አሉ። ከፊተኞቹ ወንበሮች «ጃጅተዋል» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሬዲዮ ሰዓታቸውንም ወዲያው ለሌላ ሰጡባቸው። እውነት የተናገረ ሰው ዋጋው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ መሐንዲስ መጥቶ የቀሩትን ግድግዳዎች ሲፈትሽ በእጅ የሚፈረፈሩ ሆነው ተገኙ፤ ሕፃናቱ ሳይገቡበት ሁሉም ፈረሰ። ተቋራጩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ደንቡም ተለወጠ፤ የሰው ሕይወት ያለበት አቤቱታ ባለሙያ ሳያየው አይጸለይበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ጸሎት ቤትም ቢሆን ያው ነው። ሃይማኖት ይጠፋል ተብሎ ስንት ተፈርቶ ነበር! ይልቅ ሠራተኞቹ ችግራቸውን ያለ ፍርሃት መናገር ጀመሩ፤ ጥለው የሄዱ ሰዎችም ለጸሎት ተመለሱ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ለግንበኛው ሊነግሩት ሄዱ። ነግረውት ሲጨርሱ አልጋው ሥር ተንበረከኩና ይቅርታ ጠየቁት።

ግንበኛው ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው።

«ምስክርነትዎን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለይቅርታው ግን ገና ነኝ፣ አባቴ። አያስቸኩሉኝ።»

ስንቱን የተበደለ አስቸኩለው አስታርቀዋል። ያን ቀን ግን «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ።