ብቻውን የሚገባ ተጫዋች ከማን ጋር ይጋጠም?

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ባልተገናኙ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ «አንጋፋው» እያሉ የሚጠሩት መሐንዲስ ታላቅ እህቱን በሳምንት ሁለት ጠዋት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ያመጣታል። ሊፍቱ ውስጥ ያስገባትና መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃታል። የዚያን ዕለት ግን አራት ፎቅ ደግፎ ማውጣት ግድ ሆነበትና እያለከለከ እስከ ሕክምና ክፍሉ ዘለቀ።

እህቱን ስትሮክ ከመታት አራት ወሯ ነው። ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ቀርቷል። ሐኪሙ «ዋናው የመጀመሪያው ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመለሰው ጥቂት ነው» ካለው ጀምሮ ሰውዬው እንቅልፍ የለውም። ቀን ይቆጥራል፤ ጣቶቿን በስርቆት ያያል። እርግጥ ነው፣ የክሊኒኩ ባለሙያ በቀን አንድ ሰዓት በጆይስቲክ የተኩስ ጌም እንድትጫወት ካዘዘቻት ወዲህ ጣቶቿ መላወስ ጀምረው ነበር። ጌሙ ደግሞ የእሱ መሥሪያ ቤት የሚሠራው፣ በኢንተርኔት አምስት ሰው ከአምስት ሰው የሚዋጋበት ጌም ነው። ይህን ከሰማ ጀምሮ ደረቱን ነፍቶ ነበር የከረመው።

ባለሙያዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ የጋዋኗን እጅጌ እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት ናት። የእህትየውን እጅ የጉልበት መለኪያ አስጨበጠችና ቁጥሩን አየች። ደግማ አስጨበጠቻት።

«እትዬ፣ ወደ ኋላ ተመልሰናል» አለች። «ጌሙን ትተውታል አይደል?»

«ዘጠኝ ቀኔ» አለች እህትየው ወደ መስኮቱ እያየች።

«ምን?» አለ አንጋፋው። «በየቀኑ ‹ተጫወትሽ ወይ?› ስልሽ ‹አዎ› ትይኝ የለም እንዴ?»

«ሰለቸኝ።»

«ኧረ አልሰለቻቸውም፣ ጋሼ» አለች ባለሙያዋ። «ቀጥቅጠዋቸው ነው። እሳቸው ብቻቸውን ይገባሉ፤ የሚጠብቃቸው ግን ተጠራርቶ የመጣ ቡድን ነው። ይህን የማጋጠሚያ ሕግ የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው ጆሮውን ነበር የምቆነጥጠው!»

እህትየው ሳል ያዛት። ሕጉን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፈው አጠገቧ የቆመው ወንድሟ ነዋ! የባሰው ደግሞ፣ በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሕጉን ለመለወጥ አንዲት ወጣት ባልደረባው ያዘጋጀችው ሐሳብ ለውሳኔ ይቀርባል። ሁለት ጊዜ መልሶባታል፤ ለሦስተኛ ጊዜም ሊመልስባት ቆርጦ ነው ከቤት የወጣው። ያን ቀን ካልጸደቀ የሚቀጥለው ማሻሻያ ከመንፈቅ በኋላ ነው። አንጋፋው ማንነቱን ዋጥ አድርጎ ወንበር ሳበ።

«ልጄ፣ ሳትመረምሪ አትፍረጂ» አለ ረጋ ለማለት እየሞከረ። «እያንዳንዱ ተጫዋች የችሎታ ነጥብ አለው። የዚህኛው ወገን ነጥብ ተደምሮ ከዚያኛው ጋር ካልተቀራረበ ጨዋታው አይጀመርም። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ነጥቡስ ይደመራል፤ መግባባቱ የት ገብቶ ነው የሚደመረው? እኔ ራሴ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ነው የምጫወተው። በጆሮ ማዳመጫ እናወራለን። አንዷ ‹ከግራ ሁለት መጡ› ስትል አምስታችንም ዞረን እንጠብቃቸዋለን። ከወዲያ ያሉት አይተዋወቁም። አንዱ ማይኩን ዘግቷል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ብቻውን ሮጦ ይሞታል። ነጥባችን እኩል ነው፤ ከአሥር ጌም ስምንቱን ግን የምንበላው እኛ ነን። እውነቱን ልንገርዎት? ያሳፍረኛል።»

«ሕጉ እንዲህ ቢያዳላማ በሪፖርት ይታይ ነበር! በየሳምንቱ ይወጣል እኮ። የተጫዋቾች የማሸነፍ መጠን ሁልጊዜ ከመቶ ሃምሳ ነው። ግማሽ በግማሽ! ሚዛን ማለት ይኸው ነው።»

ባለሙያዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ኧረ ጋሼ! በእያንዳንዱ ጌም አምስት ሰው ካሸነፈ አምስት ሰው ይሸነፋል። ሁሉንም አንድ ላይ ከደመሩት ሃምሳ የማይሆንበት ቀን መቼ አለ? እኔ ስምንቱን በልቼ ለእትዬ ሁለት ብቻ ቢደርሳቸው እንኳ አማካዩ ያው ሃምሳ ነው። ለይቶ ነው መቁጠር፤ ብቻውን የገባውን ለብቻ፣ ተጠራርቶ የመጣውን ለብቻ።»

አንጋፋው ክው አለ። ምን ይደረግ፣ የተማረ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው። ያልተማረው ቁጥሩን አይቶ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብሎ ያልፍ ነበር፤ እሱ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያችን ሃምሳ እያየ በየሳምንቱ ደስ ብሎት ፈርሟል። ሰዓቱን አየ፤ አምስት ተኩል ሆኗል። እህቱን ላለማየት ወለሉ ላይ አፈጠጠ።

ቢሆንም በአንዴ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ ጓደኛ ያለው ሰው ጓደኛ ስላለው ይቀጣ? ደግሞስ ቡድን ከቡድን ብቻ ይጋጠም ብንል ወረፋው ይረዝማል። የዛሬ ሰው መጠበቅ የት ያውቃል? ጥሎ ይሄዳል።»

«ማን ይቀጣ አለ፣ ጋሼ? መጀመሪያ ለቡድን ቡድን ይፈለግለት። ትንሽ ተጠብቆ ከጠፋ፣ አብረው ለመጡት ተጨማሪ ነጥብ ይታሰብባቸውና ጠንከር ካሉ ሰዎች ጋር ይጋጠሙ። በዚህ ወገን ጥንድ ካለ በዚያም ወገን ጥንድ ይኑር። እኛ ብንጠብቅ ምን እንሆናለን? አምስት ነን፤ እያወራን እንጠብቃለን። ተስፋ ቆርጦ ጥሎ የሚሄደው ብቻውን የመጣው ነው። እሱ ከሄደ ደግሞ እኛስ ከማን ጋር ልንጫወት ነው?»

የጉድ ነው! ባልደረባው በሃያ ገጽ የጻፈችውን ይህች ሴት የእህቱን አውራ ጣት እያፍታታች በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። የሥራ ጽሑፍ ሲሆን ቀይ መስመር ያሰመረበትን ነገር፣ በዚህች ክፍል ውስጥ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ሽንፈት ያለ ነው» አለ፣ ድምፁ እየሳሳ። «ሰው ጠንከር ይበል እንጂ…»

«እኔ ነኝ የማልጠነክረው?» አለች እህትየው።

ባለሙያዋ እጇን ለቀቀቻት።

«ስማኝ ወንድሜ። ይህ እጅ መጀመሪያ ላይ አይታዘዘኝም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ስታገለው ነው ጣቴ መሳብ የሚጀምረው። ሁለት ደቂቃ የሚያቆየኝ ግን የለም። ገና እግሬን ሳነሳ ሦስት ሆነው ይመጡብኛል። ከዚያ ሞቼ ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው ጨዋታ አያለሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ በተከታታይ! በመጨረሻው ቀን ከራሴ ወገን አንዱ ምን ብሎ ጻፈልኝ መሰለህ? ‹እጅ የለህም እንዴ?› አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ዘጋሁት። አንተ ደግሞ ጌምህን ስለምትወደው አፍሬ አልነገርኩህም።»

«ጌምህን?» አለች ባለሙያዋ።

አንጋፋው እንባው መጣ። ሊደብቀውም አልሞከረ። ስልኩን አወጣና ደወለ።

«ሄሎ፣ አንቺ ልጅ… ሁለት ጊዜ የመለስኩብሽን ጽሑፍ ለስምንት ሰዓት አዘጋጂው። አዎ፣ እሱኑ። ደግፌ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። በሪፖርቱም ላይ ብቻቸውን የገቡት ተለይተው ይቆጠሩ።»

ባለሙያዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔው ነኝ» አለና ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለላት።

አዲሱ ሕግ በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ዋለ። ባለቡድኖቹ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ሲመጣባቸው አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን እኩያቸውን ሲያገኙ «ጨዋታ ማለት አሁን ገና!» ማለት ጀመሩ፤ ባለሙያዋና ጓደኞቿም ሲሸነፉ ዋሉ። ብቻቸውን ከሚገቡት ውስጥ አንድ ጊዜ ተሸንፈው የሚጠፉት ቀነሱ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ እዚያው ተዋውቀው አብረው መግባት ያዙ። ስድቡም በረድ አለ፤ ሰው የሚሳደበው አብዛኛውን ጊዜ አማራጭ ሲያጣ ነውና። ከጓደኞቹ ጋር የመጣ ማንም አልተባረረም። ተለይቶ የተቆጠረው የብቸኞቹ ድል ከሠላሳ ወደ አርባ ሰባት ወጣ፤ አንጋፋውም ሃምሳ አልሞላም ብሎ በሪፖርቱ ሥር በእጁ ጻፈበት።

ይሁን እንጂ ቁጥር ሆዱን አላረጋጋለትም። እህቱ ወደ ጌሙ ተመልሳለች፤ ከስድስቱ ወር ግን የቀራት አንዱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣለ። ኮሽታ የለም። ደግሞ ትታው ይሆን? እየፈራ በሩን ገፋ አደረገው።

«ተሸነፍን» አለች እህቱ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ሊያጽናናት ጠጋ ብሎ አፉን ሲከፍት ቀኝ እጇን ሽቅብ አንስታ ዝም አሰኘችው። አምስቱም ጣቶቿ ተዘርግተው ነበር።

«ዞር በል እስቲ፣ ጋረድከኝ!» አለችው። «ሌላው ሊጀምር ነው።»